አንድ ዶላር ለፍራንክ፦ የአንጥረኛ ቤተሰብ በወረቀት ሲፈለግ

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ሦስት ወንበር ባዶ ነው። አትፍሩ፣ ጥያቄ አልጠይቅም።

አንድ መስመር ላንብብላችሁና ልጀምር። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1722 እዚህ ቦስተን ጆን ኮኒ የሚባል አንጥረኛ ሞተ። በከተማው የታወቀ ባለሙያ ነበር። እንደ ደንቡ ገማቾች ቤቱ ገቡ። ያገኙትን አንድ በአንድ እየጻፉ ዋጋ አወጡለት። ከንብረቱ ዝርዝር መሃል እንዲህ የሚል መስመር አለ፦ «የፖል ሪቭዋር ጊዜ፣ በውሉ መሠረት ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ፣ 30 ፓውንድ።»

የሰው ጊዜ ነው። ከንብረት ጋር ተቆጥሮ ዋጋ ወጥቶለታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ሙያ የሚማር ልጅ በውል ይታሰራል። ጌታው ያበላዋል፣ ያለብሰዋል፣ ሙያውን ያሳየዋል። ልጁ ደግሞ የውሉ ዓመት እስኪያልቅ ለጌታው ብቻ ይሠራል። ኮኒ ሲሞት ልጁ ገና ሦስት ዓመት ተኩል ይቀረው ነበር። ያ የቀረው ጊዜ እንደ መዶሻው፣ እንደ ሚዛኑ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ስለዚህ ገማቾቹ ጻፉት።

ታሪኩ እዚያ ቢያበቃ ኖሮ አንድ የታሰረ ልጅ ነበር ብለን እናልፍ ነበር። ግን የኑዛዜ አስፈጻሚ ሒሳብ ማቅረብ ግዴታው ነው። በዚያ ሒሳብ ላይ ሌላ መስመር ይገኛል። ለፖል ሪቭዋር ጊዜ ከግምቱ በላይ የተገኘ ጥሬ ገንዘብ፣ 10 ፓውንድ። ሠላሳና አሥር ደምሩ። ወጣቱ አርባ ፓውንድ ከፍሎ ራሱን ከውል አስለቀቀ። ኮኒ ሲሞት ዕድሜው 19 ነበር።

ይህን ሁለት መስመር የጻፈው ሰው ስለ ልጁ ታሪክ ማውራት አልፈለገም። ሒሳብ እየዘጋ ነበር። እኔን ደግሞ እዚህ ሥራ ውስጥ የከተተኝ ይኸው ነው። ስለ ፖል ሪቭዋር ጉርምስና የተረፈን ትልቁ ማስረጃ የተገኘው በራሱ ወረቀት ላይ አይደለም፤ በሞተ ጌታው የውርስ መዝገብ ላይ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ በአጭሩ ይህን ነው። ደሃን፣ ወጣትን፣ ስደተኛን፣ ሴትን ስትፈልጉ በሌላ ሰው ወረቀት ውስጥ ፈልጉ። የራሳቸው ብዙ ጊዜ የላቸውም።

አሁን አንዳንዶቻችሁ ማንነቱን ገምታችኋል። ይህ ልጅ እዚሁ ቦስተን፣ ኖርዝ ኤንድ ሰፈር ፈረስ ላይ የተቀመጠው የሐውልቱ ሰውዬ፣ የፖል ሪቪር፣ አባት ነው። በኤፕሪል 1775 ሌሊት የእንግሊዝ ጦር ሲነሣ «ወታደሮቹ መጡ» ብሎ ያስጠነቀቀው ሰውዬ አባት ማለት ነው። ፈረሱን ለቱሪስቶቹ እንተውላቸው። እኔ የምፈልገው አንጥረኛውን ነው።

ወደ ኋላ እንመለስ። ልጁ የተወለደው ፈረንሳይ ነው፣ ሪዮኮ በምትባል ቦታ። ስሙ ፖል አልነበረም። አፖሎስ ነበር። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ አጵሎስ የምንለው። «እኔ ተከልሁ አጵሎስም አጠጣ» ይላል ጳውሎስ። እንግዲህ ይህ ልጅ አጵሎስ ሆኖ ተወልዶ ጳውሎስ ሆኖ ሞተ። ይህን እዚህ ሰው ስነግረው አይስቅም። እናንተ ግን ይገባችኋል።

ቤተሰቡ ፕሮቴስታንት ነበር፣ ሁግኖት የሚባሉት። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1685 እምነታቸውን የፈቀደውን የናንትን አዋጅ ሲሽር እምነታቸው በአገራቸው ሕገ ወጥ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ የመንግሥትና የቤተ ክህነት መዝገብ የቤተሰብን ነገር በልኩ አይዝም። ቤተሰቡ ራሱ ይይዛል። የልጁ አባት ኢሳቅ በቤተሰቡ መዝገብ ላይ ጽፎታል። ልጃችን አፖሎስ በኖቬምበር 30 ቀን 1702 ከሌሊቱ አራት ሰዓት ገደማ ተወለደ ይላል። የክርስትና አባቱ ወንድሜ አፖሎስ፣ የክርስትና እናቱ አን ሞልሞን ናት ይላል። ከዚያም አንድ ዓረፍተ ነገር ያክላል። በኖቬምበር 21 ቀን 1715 ወደ ገርንዚ ተነሣ።

ገርንዚ በፈረንሳይና በእንግሊዝ መሃል ያለች ደሴት ናት። አጎቱ እዚያ ነበር። ልጁ ሲነሣ 13 ዓመት ሊሞላው ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ከገርንዚ ወደ ቦስተን ተላከ፣ ከኮኒ ዘንድ ውል ገባ። አባትየው ስለ ልደቱ ሰዓቱን ሳይቀር ጽፏል። ስለ መሄዱ ግን ቀኑንና ቦታውን ብቻ። ልጅ በሱዳን በኩል የሸኘ ወላጅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ ስለዚህ መስመር እኔ ብዙ ማውራት አያስፈልገኝም።

ስሙን እንይ። ሪቭዋር በእንግሊዝኛ አፍ አልሆንም አለ። ቀስ በቀስ ሪቪር ሆነ። መዝገብ ሲፈተሽ አንዱን አጻጻፍ ብቻ ይዞ መፈለግ የጀማሪ ስሕተት ነው። ጸሐፊው የሚጽፈው የሰማውን ነው። እኔ ራሴ እዚህ አገር እንደገባሁ አንድ መሥሪያ ቤት ስሜንና የአባቴን ስም ገለባብጦ ጻፈው። ለማስተካከል ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ዓይነት ፊት ያላቸው ሁለት ሰዎች ሆኜ ኖርኩ። ከ200 ዓመት በኋላ የልጅ ልጄ ቢፈልገኝ አንዱን አግኝቶ ሌላውን ይስታል። «ኃይሉ» የሚለውን ስም በስንት ዓይነት እንግሊዝኛ እንደምንጽፈው ደግሞ እናንተው ታውቃላችሁ።

ከ40 ፓውንዱ በኋላ ወጣቱ አንጥረኛ በራሱ ቆመ። በ1729 ዲቦራ ሂችቦርን የምትባል የቦስተን ልጅ አገባ። በ1730 ጋዜጣ ላይ አጭር ማስታወቂያ አለ። አንጥረኛ ፖል ሪቪር ከመርከብ ማረፊያው አጠገብ ከካፒቴን ፒትስ ቤት ተነሥቶ ወደ ኖርዝ ኤንድ፣ ከኮሎኔል ሃቺንሰን ቤት ፊት ለፊት ገብቷል ይላል። የቤት ቁጥር የለም። «ከእገሌ ቤት ፊት ለፊት» ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው በዚህ አድራሻ ያለ ችግር ይደርሳል።

የታዋቂው ልጅ የክርስትና መዝገብ በዲሴምበር 22 ቀን 1734 ይላል። ሌሎች መጻሕፍት ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 1735 ተወለደ ይላሉ። ማን ተሳሳተ? ማንም። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ የቆየውን አቆጣጠር ነበር የሚጠቀሙት። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 2 ብለው ተኝተው ሴፕቴምበር 14 ብለው ተነሡ። 11 ቀን ዘለሉ። በአዲሱ ጃንዋሪ 1 የሆነው ልደት በድሮው ዲሴምበር 21 ነው፤ በማግስቱ ክርስትና ተነሣ። እኛ ሁለት አቆጣጠር በአንድ ጭንቅላት ይዘን ስለምንዞር ይህ አያስደነግጠንም። እዚህ ያሉ የዘር ሐረግ ፈላጊዎች ግን በዚህ ሲጨቃጨቁ ያመሻሉ። ደግሞ ጃንዋሪ 1 የሚለውን ልብ በሉ። በስደት ወረቀታችን ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለድን ስንቶች ነን? እጅ አውጡ። አያችሁ፣ ከነፖል ሪቪር ጋር ነን።

አባትየው በ1754 ሞተ። እዚህ ላይ ነው ጀማሪ የሚያዝነው። ኑዛዜ ፍለጋ ሲገባ የሚገኝ ሀብት የለም። ልጅየው ከብዙ ዓመት በኋላ ከዘመዶቹ ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር፣ ከፈረንሳዩም ከገርንዚውም። በአንዱ ላይ ስለ አባቱ ሲናገር ንብረት አልተወልንም፣ መልካም ስምና ሰባት ልጆች ግን ትቷል ይላል። ጊዜው 30 ፓውንድ የተገመተ ሰው፣ በሞቱ ጊዜ የሚገመት ነገር አልነበረውም ማለት ነው። ትልቁ ወንድ ልጅ ያኔ 19 ዓመቱ ነው። ልክ አባቱ ጌታው ሲሞትበት በነበረበት ዕድሜ። ሱቁን በራሱ ስም ለመያዝ ደግሞ 21 መሙላት ነበረበት። እስከዚያ ዲቦራ ነበረች። መዶሻውን ልጅየው ይዞ ይሆናል፣ የሱቁ ሕጋዊ ባለቤት ግን እናትየው ናት። ስለሷ ስንት ሐውልት አያችሁ?

ብሩስ አይናገርም ወይ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ይናገራል፣ ግን ተጠንቀቁ። ለንደን ላይ ብር ተመርምሮ በማኅበሩ አዳራሽ ምልክት ይመታበታል። ቦስተን እንዲህ ያለ አዳራሽ አልነበራትም። አንጥረኛው የራሱን ስም መታ፣ አለቀ። አባትም «ሪቪር» ብሎ መታ፣ ልጅም «ሪቪር» ብሎ መታ። የልጁም ልጅ ፖል ነው ስሙ፣ እሱም አንጥረኛ። በዚያ ላይ የታዋቂው ወንድም ቶማስም አንጥረኛ ሆነ። ስለዚህ አንድ ማንኪያ ይዞ «ይህ የታዋቂው ሪቪር ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ቶሎ አታውጡ።

አሁን ወደምወደው ወረቀት ልምጣ። የታዋቂው ልጅ የዕለት ሒሳብ ደብተሮች ተርፈዋል። ሁለት ናቸው። ከ1761 እስከ 1797 ድረስ ይሄዳሉ፣ የሚገኙትም እዚሁ ቦስተን፣ በማሳቹሴትስ የታሪክ ማኅበር ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ በጃንዋሪ 3 ቀን 1761 የተጻፈ ነው። ለአንድ ደንበኛ የተሠራ፣ ፍሪሜሰን የሚባለው ማኅበር ሜዳሊያ ነው።

የደብተሩ አጻጻፍ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የባለ ዕዳው ስም። ቀጥሎ የዕቃው ዓይነት። ቀጥሎ የብሩ ክብደት በአውንስ፣ ከአውንስ የተረፈው በትንንሽ ክፍልፋይ፣ ሃያው አንድ አውንስ በሚሞላ። የብሩ ዋጋ ለብቻው ይቀመጣል። ከዚያ «ለመሥሪያው» ብሎ ሌላ ዋጋ። ስም ወይም አርማ ከተቀረጸበት ለቅርጹም ሌላ። ፒያሳ ወርቅ ያሠራችሁ ሰዎች ይህን ሒሳብ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ግራሙ ስንት ነው፣ የእጁስ ስንት ነው? ሁለቱን አንድ ላይ ከጠራላችሁ ተነሥታችሁ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ነው። ሪቪርም ሁለቱን ለይቶ ነው የሚጽፈው። ብዙ ደንበኛ የራሱን አሮጌ ብር ወይም ሳንቲም ይዞ ስለሚመጣ ያ ተመዝኖ ከሒሳቡ ይቀነሳል።

ለምን ብር ያሠሩ ነበር ካላችሁ፣ ቅንጦት ብቻ አልነበረም። ቦስተን ባንክ ያገኘችው በ1784 ነው። ሳንቲም ከተሰረቀ ያው ሳንቲም ነው፣ ማን የኔ ነው ይላል? ስም የተቀረጸበት ጽዋ ግን ይታወቃል። አንጥረኛው የሰውን ቁጠባ ወደሚታወቅ ዕቃ የሚለውጥ የታመነ ሰው ነበር። እኛ አገር ቀጥቃጩንና አንጥረኛውን ቡዳ ነው እያልን ስናሸማቅቅ ኖርን። ጌጣችንን ደግሞ ከሱ ነው የምንቀበለው። ይህን እያሰብኩ ደብተሩን ሳነብ አንዳንዴ አፍራለሁ።

ማንኪያ፣ የጫማ ዘለበት፣ ቁልፍ ይበዛል። ለአንድ ደንበኛ የሽኮኮ የብር ሰንሰለት ሠርቷል። የኛዋን ሽኮኮ አይደለም፣ እዚህ ዛፍ ላይ የምትሯሯጠዋን። ሰውዬው እንደ ውሻ አስሯት ሊንሸራሸር ኖሯል። የደንበኞቹ ዝርዝር ደግሞ የሰፈሩ ካርታ ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚውል፣ የማን ልጅ እንደተሞሸረ፣ ማን የቆየ ዕዳ እንዳለበት። በዚህ ደብተር ውስጥ ከሪቪር ይልቅ ጎረቤቶቹን የሚፈልግ ሰው ይበልጥ ይጠቀማል። የናንተ ቅድመ አያት ኑዛዜ ባይኖረው፣ አንድ ቀን ዘለበት ገዝቶ ይሆናል።

ወደ ልጆቹ። ሪቪር በኦገስት 1757 ሣራ ኦርን የምትባል ልጅ አገባ፤ የመጀመሪያዋ ልጅ ዲቦራ በኤፕሪል 1758 ተወለደች። እየቆጠራችሁ ነው፣ አየኋችሁ። እኔም ቆጥሬያለሁ፣ እንለፈው። ሣራ ስምንት ልጅ ወልዳ በሜይ 1773 ሞተች። ዓመቱ ሳያልቅ ሬቸል ዎከርን አገባ፤ እሷም ስምንት ወለደች። ድምሩ 16።

እዚህ ላይ መዝገቡ ወጥመድ አለው። ሁለት ሜሪ አለች። ሦስት ጆን አለ። ደብተር ላይ ጆን የሚል ስታገኙ የቱ ነው? የመጀመሪያው በተወለደበት በ1776 ሞተ። ሁለተኛውም ሕፃን እያለ ሄደ። ሦስተኛው አደገ፣ ሐኪም ሆነ። ሰዎቹ የሞተውን ልጅ ስም ለሚቀጥለው ይሰጡ ነበር። እኛ ይህን አናደርግም። እኛ ካሣ እንላለን፣ ምትኩ እንላለን፣ ማስረሻ እንላለን። የሞተውን በስም አንጠራውም፣ ግን የመጣው ልጅ በማን ቦታ እንደመጣ ስሙ ይናገራል። ለመዝገብ ፈላጊ የኛው ይሻላል። ካሣ የሚባል ሰው ካገኛችሁ ከሱ በፊት ያጡት ነገር እንዳለ ጠርጥሩ።

አንዱ ልጅ ጆሴፍ ዋረን ይባላል፣ በ1777 የተወለደው። ዶክተር ጆሴፍ ዋረን የሪቪር ወዳጅ ነበር፣ በጁን 1775 በበንከር ሂል ጦርነት ሞተ። ከሌላ ሟች ጋር ተቀብሮ ስለነበር በሚቀጥለው ዓመት ሬሳው ሲወጣ ማን እንደሆነ መለየት አስቸገረ። ሪቪር የጥርስ ሥራም ይሠራ ነበር። ለዶክተሩ በሽቦ ያሰረለትን የሰው ሠራሽ ጥርስ አይቶ ለየው። አንጥረኛ የእጁን ሥራ አይስትም። ልጁን በስሙ ጠራ። በኋላ የመዳብ ፋብሪካውን የያዘውም ይኸው ልጅ ነው።

ሴት ልጆቹ ደግሞ ስማቸው በባል ይዋጣል። ዲቦራ ኤመስ ሊንከን የሚባል አናጺ አገባች። በ1797 ሞተች። በዚያው ዓመት ኤመስ እህቷን ኤልሳቤጥን አገባ። ሜሪ ደግሞ የኤመስን ወንድም አገባች። ስለዚህ በዚያ ዘመን ወረቀት ላይ «ወይዘሮ ሊንከን፣ የሪቪር ልጅ» ቢል ከሦስቱ የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ዓመቱን መያዝ ግድ ነው። የአብርሃም ሊንከንን ነገር እንዳትጠይቁኝ፣ አመሻሹ አይበቃንም።

እንግዲህ ኑዛዜው። ፖል ሪቪር በሜይ 10 ቀን 1818 ሞተ፣ በ83 ዓመቱ። አባቱ ምንም አልተወም፣ እሱ ግን ባለ ፋብሪካ ሆኖ ነው የሞተው። በሕይወት ላሉት አምስት ልጆቹ ለእያንዳንዳቸው 4,000 ዶላር ተናዘዘ። ለሞቱት ልጆቹ ልጆችም ድርሻ አለ። ኑዛዜ ሲነበብ የሁሉም ዓይን ገንዘቡ ላይ ነው፣ የኔ ግን ስሞቹ ላይ ነው። የሟች ሴት ልጆቹ ልጆች «የሟች ልጄ የእገሊት ልጅ» እየተባሉ በእናታቸው በኩል ይጠራሉ። በባል ስም ጠፍተው የነበሩት ሴቶች እዚህ ላይ ተመልሰው ይወጣሉ። የሰባት ቤት ቆጠራ ያደገበት ጆሮ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል።

ከዚያ አንድ አንቀጽ አለ። ስለ ዲቦራ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ነው። የልጅ ልጄ ፍራንክ ይላል፣ አሁን ስሙን ፍራንሲስ ብሎ የሚጽፈው፣ ከንብረቴ ምንም ድርሻ አይኑረው፣ በዚህ ከሰጠሁት ከአንድ ዶላር በቀር።

አንድ ዶላሩ ለምን? ጭራሽ ባይጠቅሰው ኖሮ ልጁ «አያቴ ረስቶኝ ነው» ብሎ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። አንድ ዶላር ስትሰጠው አልተረሳም፣ ታስቦበት ነው። ጠበቃ ያለበት ንዴት ነው። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ኑዛዜው አይናገርም። የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስሙን እንዴት እንደሚጽፍ።

እኔ ይህን አንቀጽ ባነበብኩ ቁጥር ወደ ኮኒ የውርስ መዝገብ እመለሳለሁ። ሽማግሌው በልጅ ልጁ ላይ «አሁን ስሙን ፍራንሲስ ብሎ የሚጽፈው» ብሎ ሲያስጽፍ፣ የሚፈርምበት ስም እኮ ፖል ሪቪር ነው። አባቱ አፖሎስ ሪቭዋር ሆኖ ተወልዶ፣ በሰው ንብረት ዝርዝር ላይ ጊዜው 30 ፓውንድ ተገምቶ፣ 40 ከፍሎ የወጣበት ስም።

ሻይ ከኋላ አለ። ስኳሩን ለየብቻው ነው ያስቀመጡት።